ለመጨረሻዋ ካርቶን የእቁቡን ገንዘብ ላውጣው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፤

ይህን ዓምድ ማንበብ ያስለመደችኝ ባለቤቴ ናት። ዛሬ ግን የምጽፍልሽ እሷ ሳታውቅ ነው። ጉዳዩ ለብዙ ሰው የልጅ ጨዋታ ሊመስል ስለሚችል እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

46 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከአባቴ ጋር በካርቱም በኩል አሜሪካ የገባነው በ1989፣ የአሥር ዓመት ልጅ እያለሁ ነው። አባቴ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጎረቤቶች ግቢያቸው ላይ ዕቃ ዘርግተው ሲሸጡ ኮሞዶር 64 የሚባል ኮምፒውተር ገዛልኝ። አብሮት «አልቲማ 4» የሚባል ጌም ከነካርቶኑ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ፣ ጨርቅ ላይ የታተመ ካርታና መስቀል የሚመስል ትንሽ ብረት ነበር። ጌሙ ውስጥ ሰው ስታገኚ እየጻፍሽ ነው የምታነጋግሪው። ስምህ ማነው፣ ሥራህ ምንድነው፣ ጤናህስ ትያለሽ። እኔና አባቴ እሱ ሥራ በማይገባባቸው ቀናት መዝገበ ቃላት ይዘን እንቀመጥ ነበር። እንግሊዝኛ የጀመርኩት እዚያ ነው ማለት እችላለሁ።

ኋላ ቤት ስንቀይር አባቴ ኮምፒውተሩን ከነጌሙ ከሀገር ቤት አዲስ ለመጣ ልጅ ሰጠው። አባቴ በ2013 ዐረፈ። በዚያው ዓመት ያንኑ ጌም ኢንተርኔት ላይ አየሁትና ገዛሁት። ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። ዛሬ ቤዝመንታችን ውስጥ አልቲማ ከ1 እስከ 9 ከነካርቶኑ ቆሟል። ከዋናው ተከታታይ ውጪ የወጡትም አሉ። የሁሉም መነሻ የሆነው «አካላቤት»ም አለ። ከአንዳንዶቹ ሁለት ሦስት ቅጂ አለኝ።

የቀረኝ አንድ ነው። በ1983 የወጣው «አልቲማ፦ እስኬፕ ፍሮም ማውንት ድራሽ»። ለዓመታት ስፈልገው ኖሬ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ራሱ ጻፈልኝ። 8 ሺህ ዶላር ብሏል። እስከ ዓርብ በቀጥታ በባንክ እንድልክለት ይፈልጋል። ወረፋው እንዳይበዛ ለማንም አትንገር ብሎኛል።

ችግሩ ገንዘቡ ነው። የእቁብ እጣ ወጥቶልኝ 12 ሺህ ዶላር እጄ ላይ አለ። ይህ ገንዘብ ክረምት ላይ ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር አዲስ አበባ እንድንሄድበት የታሰበ ነው። ባለቤቴ አባቷን ካየች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እኔ ግን እጣው ገና አልደረሰኝም ብያታለሁ። እውነቱን ለመናገር ስለ ዋጋም ስዋሻት ቆይቻለሁ። የ900 ዶላሩን 90 ነው ብያት አውቃለሁ።

ሌላም ነገር አለ። የ11 ዓመቷ ልጄ የጨርቁን ካርታ ልንካው ስትለኝ እጅሽ ቅባት አለው ብዬ ከለከልኳት። ከዚያ ወዲህ ቤዝመንት አትወርድም።

አንዴ ካሟላሁ አቆማለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። ልግዛው ወይስ ልተወው?

አንድ የጎደለው፣ ከሜሪላንድ

ምላሽ

ውድ ወንድሜ፤

የልጅ ጨዋታ ብዬ አላነበብኩትም። ዓርብ ስለተቃረበ ግን ከሻጩ ልጀምር። ስለ አባትህና ስለ ባለቤትህ ቀጥለን እናወራለን።

እስከ ዓርብ ክፈል ብሎሃል። በቀጥታ በባንክ ላክ ብሎሃል። ለማንም አትንገር ብሎሃል። እያንዳንዱ ለብቻው ምክንያት ይኖረው ይሆናል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን እፈራልሃለሁ። እንዲህ የተላከ ገንዘብ ዕቃው ቢቀር ወይም ፎርጅድ ሆኖ ቢገኝ ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው። የከፋው ደግሞ «ለማንም አትንገር» የሚለው ነው። ከዚህ ጌም በሰብሳቢዎች እጅ መኖሩ የሚታወቀው በጣም ጥቂት ነው። አዲስ ቅጂ ተገኘ ሲባል ከራሳቸው ጋር አስተያይተው እውነት ነው ወይም አይደለም ሊሉህ የሚችሉት እነዚያ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሻጩ ዝም በል ሲልህ የሚለይህ ከእነሱ ነው።

በ2022 የሆነውን ሳትሰማ አትቀርም። የድሮ ባለካርቶን ጌም ሰብሳቢዎች በሚገናኙበት የፌስቡክ ቡድን ውስጥ ነው። አባላቱ ብዙዎች የሚያምኑት አንድ ነባር ሰብሳቢ ፎርጅድ ሲሸጥ ኖሯል ብለው ይፋ አደረጉ። በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች ጉዳዩ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሚነካ መሆኑን ጽፈዋል። ከተጠረጠሩት ዕቃዎች መካከል «አካላቤት» ነበረበት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጌሞች ለዚህ የተጋለጡት አሠራራቸው ቀላል ስለነበር ነው። የአልቲማ ፈጣሪ ሪቻርድ ጋሪዮት «አካላቤት»ን ቴክሳስ ውስጥ መሸጥ ሲጀምር የከተተው በዚፕ ላስቲክ ከረጢት ነው። የሽፋኑን ሥዕል የሣለችለት እናቱ ናት። ፎቶ ኮፒና ላስቲክ ደግሞ ዛሬም ማንም ቤት አለ። ያኔ የተታለሉት ጀማሪዎች አልነበሩም። ዕቃውን የሚያውቁ፣ ለዓመታት የፈለጉ፣ ልክ እንዳንተ አንድ ብቻ የቀራቸው ሰዎች ነበሩባቸው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለእንዲህ ያለ ሳምንት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ «ዕቃውን እፈልገዋለሁ። በዚህ ሳምንት ግን አልከፍልም። የካሴቱን ሁለት ገጽ፣ የማሸጊያውን ሁሉንም ጎን፣ የመመሪያውን እያንዳንዱን ገጽ የዛሬ ቀን ከተጻፈበት ወረቀት ጋር አንስተህ ላክልኝ። ከማን እንዳገኘኸውም ንገረኝ።» እውነተኛ ሻጭ ቢበዛ ይነጫነጫል እንጂ ይልካል። ሌላ ገዢ አለኝ ብሎ ከጠፋ፣ ይጥፋ።

አሁን ወደ ጌሙ ራሱ እንምጣ። አንተ ታውቀዋለህ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። አልቲማ የጋሪዮት ሥራ ነው። «ማውንት ድራሽ»ን ግን እሱ አልሠራውም። የጓደኛው ሥራ ነው። ሲየራ የተባለው አሳታሚ ገበያ እንዲያገኝ የአልቲማን ስም ለጠፈበት። የወጣው ቪክ 20 ለሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር በካሴት ብቻ ነው፤ ያውም ተጨማሪ ሜሞሪ ለገዛ ሰው። ብዙም አልተሸጠ። ለረጅም ጊዜ የአልቲማ ወዳጆች መኖሩን ራሱ ይጠራጠሩ ነበር።

ይህን የማነሳው ዕቃውን ላናንቅብህ አይደለም። ብርቅ ነው፤ የታሪኩ አካል ነው፤ መፈለግህም ይገባኛል። ነገር ግን «ሙሉ» የሚባለው የት ላይ እንደሆነ ማን ነው የወሰነልህ? ከ1 እስከ 9 ካለኝ ጨረስኩ የሚል ሰብሳቢ አለ። «አካላቤት»ን ጨምሮ የሚያቆም አለ። እያንዳንዱን በየኮምፒውተሩ ዓይነት፣ በአፕል 2፣ በኮሞዶር፣ በአታሪ፣ በአሚጋ፣ በዶስ የሚፈልግም አለ። ጃፓን ውስጥ ኤፍኤም ታውንስ ለሚባለው ኮምፒውተር የወጡትን የሚያሳድድ አለ። ለአልቲማ 8 ተሠርቶ ለገበያ ሳይቀርብ የቀረው «ዘ ሎስት ቬል» ደግሞ አለልህ። ዝርዝሩን የምትዘጋው አንተ ነህ። ድራሽን ካስገባህ በኋላም ሌላ በር ክፍት ሆኖ ይጠብቅሃል።

«አንዴ ካሟላሁ አቆማለሁ» ያልከውን አምንሃለሁ። እስቲ ግን ራስህን ጠይቅ። «አካላቤት»ን ስትገዛ ምን ብለህ ነበር? አምጥተህ መደርደሪያው ላይ ባስቀመጥክ በማግስቱ ምን ተሰማህ? ያ ስሜት ስንት ጊዜ ቆየ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብህም።

ደብዳቤህ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አባትህ በ2013 ዐረፉ። መግዛት የጀመርከው በዚያው ዓመት ነው። አንተ ራስህ ይህን ያስተዋልከው አልመሰለኝም፤ እንደ ተራ ቀን ጽፈኸው አልፈሃል። ሌሊት ሌሊት የሚሠሩት አባትህ በዕረፍት ቀናቸው በማያውቁት ቋንቋ ከልጃቸው ጋር መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ ይታየኛል። ከዚያ አንድ ቀን ያንን ካርቶን አንስተው ለሌላ ልጅ ሰጡት። ያን ዕለት ምን ብለሃቸው ነበር? አዝነህባቸው ታውቃለህ? ደግነታቸው ገብቶህ አዝነህም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ስለዚህ ነገር ከማን ጋር ተነጋግረህ ታውቃለህ? ባለቤትህ ይህን ታሪክ ታውቀዋለች? ወይስ የምታውቀው ቤዝመንቱን የሞሉትን ካርቶኖች ብቻ ነው? እኔ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው። እሷ የማታውቀውን ነገር ልትወድልህ አትችልም።

ካርቶኖቹ ተራ ወረቀት እንዳልሆኑም ልታስረዳት ትችላለህ። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ ሥራህ ክብር ይገባዋል። በ1980ዎቹ የጌሙ ግማሽ የሚኖረው ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ፍሎፒው ትንሽ ነገር ነው የሚይዘው። የተረፈው ወረቀት ላይ ይወጣ ነበር። ኢንፎኮም የሚባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ በ1982 «ዴድላይን» የሚል የወንጀል ምርመራ ጌም ሲያወጣ ታሪኩ ዲስኩ ላይ አልበቃ አለ። የፖሊስ መዝገብ፣ የምስክሮች ቃል፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ ሬሳው አጠገብ ተገኘ የተባለ ክኒን ሳይቀር ካርቶኑ ውስጥ ከተቱት። የአንተም የጨርቅ ካርታ እንደዚያ ነው። ካርታው ከሌለ ብሪታኒያ በሚባለው የጌሙ ዓለም ውስጥ መንገድ ትስታለህ፤ መጽሐፎቹ ከሌሉ አስማቱን አትሠራውም። በፈረንጆቹ 2000 አካባቢ እነዚያ ትልልቅ ካርቶኖች ከሱቅ መደርደሪያ እየጠፉ በትንንሽ መያዣ ተተኩ። በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጌሞች 87 ከመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። አንተ ቤዝመንትህ ውስጥ ያቆምከው ከዚህ የተረፈውን ነው።

ግን በእጅህ ያለው ራሱ እየሞተ መሆኑን ታውቃለህ? የዚያ ዘመን ፍሎፒ ዕድሜው አርባ እየደፈነ ነው። ቤዝመንት ደግሞ እርጥበት አለው። ሻጋታ የያዘ ዲስክ ድራይቭ ውስጥ ሲገባ ራሱም ይላጣል፣ ለቀጣዩም ያስተላልፋል። ያልተከፈተ ካርቶን ካለህ የታሸገበት ስስ ፕላስቲክ በዓመታት ውስጥ እየተሸመቀቀ ጠርዙን ይሰብረዋል። ለ8 ሺህ ዶላር ካሴት ከማሰብህ በፊት እርጥበት የሚመጥ ማሽን ግዛ። ካርቶኖቹን ከወለል ከፍ አድርግ፤ ከውጭው ግድግዳም አርቃቸው። የክፍሉ እርጥበት ከ50 ከመቶ አይለፍ። ከዚያ ዲስኮቹን ቅዳቸው። ግሪስዊዝል የሚባል፣ የድሮውን ፍሎፒ ድራይቭ ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ርካሽ ቦርድ አለ። ዲስኩ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጦ ያስቀምጥልሃል። ይህ ሥራ ቅዳሜና እሁዶችህን ይበላል። እንደ ግዢ ልብ አያሞቅም። ግን ስብስብህን በትክክል ሙሉ የሚያደርገው እሱ ይመስለኛል፤ የማይነበብ ዲስክ የያዘ ካርቶን ምኑ ሙሉ ነው?

ወደ ልጅህ ልምጣ። እጅሽ ቅባት አለው ስትላት ያልተናገርከው ነገር አለ። ያንተም እጅ በአሥር ዓመቱ ቅባት ነበረው፤ አባትህ ካርታውን ከፊትህ አላነሱም። ደግሞም ከአንዳንዶቹ ሁለት ሦስት ቅጂ አለኝ ብለሃል። ከአልቲማ 4 አንደኛውን፣ ጠርዙ የተጎዳውን፣ ስጣት። «ያንቺ ነው» ብለህ ስጣት፤ ለማየት ሳይሆን ለመንካት። ጌሙን ጎግ ከሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ በዛሬ ኮምፒውተር ይሠራል። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርጋላትና የመጀመሪያውን ሰው እሷ ታነጋግር። ትሰለች ይሆናል። ሥዕሉ ይህ ነው እንዴ ትልህ ይሆናል። አትከፋ። ለመጥራት እንጂ ለማሳመን አይደለም። ይህን ለማድረግ ዓርብን መጠበቅ አያስፈልግህም።

አሁን ከባዱ። ባለቤትህ።

8 ሺህ ዶላሩ ብዙ ነው፤ ግን እኔን ያሳሰበኝ እሱ አይደለም። አባቷን ለማየት የምትቆጥር ሴት «እጣው ገና ነው» ተብላ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ነው። እቁብ ደግሞ ሚስጥር አይይዝም። አንተም ታውቀዋለህ። ከአባላቱ የአንዱ ሚስት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ወይም ልደት ላይ «እንኳን ደረሳችሁ፣ መቼ ነው የምትሄዱት?» ትላታለች። ያን ጊዜ ባለቤትህ በሰው ፊት ምን ትመልሳለች? ከዚያ በኋላ ስለ ካርቶን ማስረዳት አይቻልም። ከአንተ አፍ መስማት አለባት፤ ከዓርብ በፊት።

አልቲማ 4 ውስጥ ለአስማት የሚሆን ቅጠላ ቅጠል የምትሸጥ ዓይነ ስውር ሴት አለች። ዋጋውን ትነግርህና ስንት እንደከፈልክ ራስህ ትጽፋለህ። አሳንሰህ ብትከፍል አትይዝህም። አንዲት ቃል አትናገርም። ጌሙ ግን ይመዘግብብሃል፤ ሐቀኝነትህ ይቀንሳል። አንተና አባትህ ስትጫወቱ እሷን እንዴት ነበር የምትከፍሏት?

እንዴት ልንገራት ትለኝ ይሆናል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ አድርገው። ስልክህን ራቅ አድርግ። ረጅም መግቢያ አታብጅ፤ መግቢያ ሲረዝም ሰው ይደነግጣል። እንዲህ ልትል ትችላለህ፦ «እጣው ወጥቶልኛል። 12 ሺውም አለ፤ አልነካሁትም። አልወጣም ያልኩሽ አንድ ጌም ልገዛበት አስቤ ነው። የከዚህ ቀደሞቹንም ዋጋ አሳንሼ ነግሬሻለሁ። ጥፋቴ ነው።» ከዚያ ዝም በል። ብትቆጣ አትከራከር። «ሰው ይጠጣል፣ ቁማር ይጫወታል፣ እኔ ካርቶን ነው የገዛሁት» አትበል፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ብዙ ባሎች ይሏታል፣ አንድም ቀን ጠቅማ አታውቅም። ብታለቅስ የምታለቅሰው ስለ ዶላሩ ላይሆን ይችላል። አባቷ ስንት ዓመታቸው ነው? ጤናቸውስ? እነዚህን ጠይቃት። አንተ አባትህን ያጣህ ሰው ነህ፤ ይህን ከማንም በላይ ትረዳታለህ።

በዚያ ምሽት ስለ ድራሽ ፈቃድ አትለምናት። ምክንያቱን ንገራት እንጂ ልመናውን ለሌላ ቀን ተወው። በማግስቱ ገንዘቡን የሁለታችሁ ሂሳብ ውስጥ አስገባው። አብራችሁ ቁጭ በሉና ትኬቱን ቁረጡ። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ የክረምት ትኬት ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይወደዳል፤ አራት ሰው ስትሆኑ ልዩነቱ ይሰማል።

ከዚያ ስለ ስብስብህ የሁለታችሁ ስምምነት ይኑራችሁ። አንድ ደብተር ግዛ። እያንዳንዱን ካርቶን፣ መቼ እንደገዛኸው፣ በስንት እንደገዛኸው ጻፍ። እውነተኛውን ዋጋ። 90 ያልካት 900 እንደሆነ እዚያ ላይ ትየው። ያሳፍራል፤ ግን አንዴ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ዛሬ አንድ ነገር ብትሆን ባለቤትህ ቤዝመንት ወርዳ የምታየው የአሮጌ ካርቶን ክምር ነው። የትኛው ሺህ ዶላር፣ የትኛው አሥር ዶላር እንደሆነ የሚነግራት የለም። ግቢ ላይ ዘርግታ በአምስት አምስት ዶላር ብትሸጣቸው ማን ይፈርድባታል? የቤት ኢንሹራንስህም እንዲህ ያለ ስብስብ ይሸፍን እንደሆነ ደውለህ ጠይቅ። አንድ ቀን ለሙዚየም መስጠት ብትፈልግ ሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ያለው ስትሮንግ የጨዋታ ሙዚየም የኤሌክትሮኒክ ጌም ታሪክ የሚጠብቅ ክፍል አለው። ለእነሱም ቢሆን ደብተሩ ያስፈልጋቸዋል።

ድራሽን ካልተውከው ደግሞ መንገድ አለው። ድርብ የሆኑትን ሽጣቸው። የሁለተኛና የሦስተኛ ቅጂዎችህ ዋጋ አንድ ላይ ሲደመር ሊያስገርምህ ይችላል። ከደሞዝህም በወር ይህን ያህል ለኔ ደስታ ብላችሁ ተስማሙ፤ ለእሷም እኩል ይውጣላት፣ በፈለገችው ታውለው። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። አንተ ግን ከ2013 ጀምሮ የጠበቅክ ሰው ነህ፤ መጠበቅ አያቅትህም። ወይም ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍላጎቱ ይቀዘቅዝና ከ1 እስከ 9 ይበቃኛል ትላለህ። ሁለቱም ጥሩ ነው። የትኛው እንደሚሆን ዛሬ ማወቅ አይጠበቅብህም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤትህ እውነቱን ሁሉ ሰምታ፣ የአባትህን ታሪክ አውቃ፣ ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ አንድ ቀን «በቃ ግዛውና ይውጣልህ» ልትልህ ትችላለች። እንዲህ የሚሉ ሚስቶች አሉ። ያን ጊዜም ቶሎ አትላክ። የሻጩን ፎቶዎች ጌሙ ላላቸው ሰብሳቢዎች አሳይና አስተያየታቸውን በጽሑፍ ያዝ። ካሴቱንና መመሪያውን በአካል ስታገኝ የአጉሊ መነጽር ይዘህ ኅትመቱን እይ፤ የዚያ ዘመን ማተሚያ የሚተወው ነጠብጣብ ከዛሬው የቤት ፕሪንተር ይለያል። ቪክ 20 እና የካሴት ማጫወቻው ያለው ሰው ፈልገህ ካሴቱ መጫኑን አረጋግጥ። ክፍያውን ደግሞ ዕቃው ፎርጅድ ሆኖ ቢገኝ ገንዘብህን መጠየቅ በምትችልበት መንገድ፣ በክሬዲት ካርድ ወይም ለገዢ ዋስትና በሚሰጥ የመገበያያ ድረ ገጽ ፈጽም። ደረሰኙንም በእውነተኛው ዋጋ ደብተሩ ውስጥ ለጥፈው።